ዮጋን ለጤና መለማመድና ለተለያዩ ሰዎች ማስተማር፦ ከጥያቄው እስከ ምንጣፉ

ዮጋ ለማስተማር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው «ምን ላሳያቸው?» በሚለው ነው። ይልቅ ቀድሞ ሊያሳስበው የሚገባው ፊቱ የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ የሰባ ዓመት እናት፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የሚውል የሒሳብ ሠራተኛ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡርና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ዓይነት ልምምድ አይሠሩም። ከዚህ በታች አንድ መሠረታዊ ቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ፤ ከዚያ ያንኑ ቅደም ተከተል ለማን እንዴት እንደምትለውጡት እናያለን።

ይህ አስተሳሰብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ በደቡብ ሕንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ዝላይ የበዛበት ብርቱ ልምምድ ያስተምሩ ነበር። እኚሁ ሰው በኋላ ዛሬ ቼናይ ወደምትባለው ማድራስ ሲዛወሩ ግን ሕመምተኞችን አንድ በአንድ እያዩ ለእያንዳንዱ የተለየ ልምምድ ይሰጡ ጀመር። ልጃቸው ዴሲካቻር ይህን መንገድ ተከተሉ። ሌላው ተማሪያቸው ቢ. ኬ. ኤስ. አዬንጋር በፑኔ ከተማ ወንበር፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክና ብርድ ልብስ እያስገቡ ሰውነቱ እንቢ ያለውም ሰው አቋቋሙን እንዲያገኘው አደረጉ። ዛሬ በስልክ የምናያቸው የተጠማዘዙ ሰውነቶች ከማይሶሩ ዘመን የወረስናቸው ናቸው፤ ለጤና የሚበጀን ግን በአመዛኙ የኋለኛው ነው።

ዮጋ የሚችለውና የማይችለው

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው። ለውጡ ተአምር አይደለም፤ በጥናቶች የታየው መጠነኛ መሻሻል ነው። ለሚዛን፣ ለጡንቻ ጥንካሬ፣ ለእንቅልፍና ለጭንቀትም ይረዳል። ስኳርን ወይም የደም ግፊትን «ያድናል» የሚል አስተማሪ ካጋጠማችሁ ሽሹት። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዮጋ ምክንያት መድኃኒቱን አያቋርጥም፤ መጠኑ የሚቀነስ ከሆነ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቁጥር መያዝ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ረጋ ያለ ዮጋ ብቻውን ልብን በበቂ ሁኔታ ስለማያሠራ ተማሪዎቻችሁ በእግር መሄዳቸውን እንዲቀጥሉ ንገሯቸው።

አንደኛ፦ ጠይቁ

ማንም ሰው ምንጣፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት አጭር ቅጽ ይሙላ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ለብቻው ጠይቃችሁ ሙሉለት። በሰው ፊት «ነፍሰ ጡር ያለች አለች?» ብሎ መጠየቅ ነውርም ነው፣ እውነቱንም አያወጣም።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል? የደም ግፊት፣ የልብ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ አለብዎት? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ግላኮማ ወይም ሌላ የዓይን ችግር አለ? ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ወድቀው ያውቃሉ? ከመሬት ያለ ሰው እርዳታ መነሣት ይችላሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ይጠቅማችኋል፤ ሰውየው ምንጣፍ ላይ ወይም ወንበር ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው እርሱ ነውና። በመጨረሻም ምን ማድረግ መቻል እንደሚፈልጉ ጠይቁ። «ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ማሰር» ወይም «ቅዳሴ ቆሜ ማስቀደስ» የሚል መልስ ካገኛችሁ የልምምዱ ግብ ተገኘ ማለት ነው።

ወገቤን ያመኛል ለሚል ሰው ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ዮጋው ይቆይና መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ በአገራችን የአከርካሪ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ የሚገኝ በሽታ ነው። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ በብልቱና በመቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው፣ ወይም እግሩ እየዛለ የሄደ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፦ ቦታውንና ዕቃውን አዘጋጁ

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የማይንሸራተት ምንጣፍ፣ ባዶ ግድግዳ፣ ጎማ የሌለው ጠንካራ ወንበር፣ አንድ ጋቢና አንድ ነጠላ ይበቃሉ። የታጠፈ ጋቢ ለጉልበት መደገፊያ፣ ለጭንቅላት ትራስ፣ ለመቀመጫ ከፍታ ይሆናል። በቁመቱ የታጠፈ ነጠላ በተረከዝና በእጅ መካከል የሚያዝ ጥሩ ቀበቶ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ስሌን ብቻ ማንጠፍ ግን አይበቃም፤ ይንሸራተታል፣ ብርዱም ወደ ጀርባ ይገባል። ካልሲ ይውለቅ። የስኳር ሕመምተኛ ግን እግሩ ደንዝዞ ቁስል ላይሰማው ስለሚችል ወለሉ ተጠርጎ፣ የማይንሸራተት ለስላሳ ጫማ አድርጎ ይሥራ።

ከምግብ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆይ። በጾም ወቅት ጥያቄው ይገለበጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ አፍጥር የሚጾሙ ተማሪዎች ካሉ ብርቱውን የቆመ ልምምድ ቀንሱና ትንፋሽንና የመሬቱን ክፍል አስረዝሙ፤ ወይም ሰዓቱን ከጾም መፍቻ በኋላ አድርጉት። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መጠን የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩን ለክቶ ይጀምር፤ ቶሎ የሚሠራ ጣፋጭ ነገርም አጠገቡ ይኑር።

ሦስተኛ፦ ከትንፋሽ ጀምሩ

ተማሪዎቹ በጀርባቸው ይተኙ፤ ጉልበታቸው ይታጠፍ፣ የእግራቸው መርገጫ መሬት ይንካ። አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ ሌላው ደረት ላይ። አየር ሲገባ ሆዱ ያለ ግፊት ከፍ ይላል፣ ሲወጣ ይወርዳል። ብዙ ሰው «በደንብ ተንፍሱ» ሲባል ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰቅላል፤ ስለዚህ «በደንብ» አትበሉ፣ «ቀስ ብላችሁ» በሉ።

ይህ ከተለመደ በኋላ ቁጥር ጨምሩ፦ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። አንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት አካባቢ የልብ ምትና የደም ግፊት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ከትንፋሹ ጋር ይገጥማል፤ ሰውነትም ይረጋጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በቅርቡ የመጣ ሰው ስድስቱ ሊያጥረው ይችላል። ለእርሱ ሦስት ማስገባት፣ አራት ማስወጣት ይበቃል።

ትንፋሽ ይዞ መቆየትንና ሆድን በፍጥነት እየመቱ መተንፈስን ለጀማሪ አታስተምሩ። ለነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የጭንቀት ስሜት የሚበረታበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ሲከታተል ይብሱን ሊጨነቅ ይችላል፤ ዓይኑን ገልጦ የመርገጫውን መሬት መንካት እንዲያስተውል አድርጉት።

አራተኛ፦ መሠረታዊው ቅደም ተከተል

ከትንፋሹ ጋር ተደምሮ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሁሉም ውስጥ ሕጉ አንድ ነው፦ ትንፋሹ ይጀምራል፣ እንቅስቃሴው ይከተላል። ትንፋሹ ከተቆራረጠ ልምምዱ ከልክ አልፏል።

ጉልበት ወደ ደረት። በተኛችሁበት አየር እያስወጣችሁ አንዱን ጉልበት ወደ ደረት ሳቡ፣ እያስገባችሁ አርቁት። በእያንዳንዱ ጎን ስድስት ጊዜ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ጭኑን ከኋላ ይያዝ።

ድመትና ላም። በእጅና በጉልበት ተደገፉ፤ እጅ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር ይሁን። አየር ሲገባ ደረት ወደ ፊት ይከፈታል፣ ሲወጣ ጀርባ ወደ ላይ ይጎብጣል። ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ። ጉልበት ሥር ጋቢ ይነጠፍ፤ የእጁን አንጓ የሚያመው በጭብጡ ይደገፍ።

ግድግዳ መደገፍ። ግድግዳውን በዳሌ ከፍታ በመዳፍ ደግፋችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ፣ ጀርባ ረጅም እስኪሆን። ጉልበት በጥቂቱ ይታጠፍ። ጀርባው ከጎበጠ እጁ ከፍ ይበል። በየክፍሉ የሚሠራውን፣ ጭንቅላት ቁልቁል የሚወርድበትን «የውሻ» አቋቋም ለጀማሪ የምተካው በዚህ ነው፤ ጭንቅላት ከልብ በታች አይወርድም፣ የኋላ ጭን ግን እኩል ይወጠራል።

ቀጥ ብሎ መቆም፣ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ታዳሳና። ቀላል ይመስላል። ክብደት ተረከዝና ጣት ላይ እኩል ሲያርፍ፣ ጉልበት ሳይቆለፍ፣ አየር እየገባ እጆች ሲነሡ፣ እየወጣ ሲወርዱ ሰው እንዴት ቆሞ እንደሚውል የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው። ጊዜ ስጡት።

የወንበር አቋቋም፣ ኡትካታሳና። ከኋላ ወንበር አድርጉና ልትቀመጡ ያህል ዝቅ በሉ፤ መቀመጫው ወንበሩን ከነካ በኋላ እግር ወለሉን እየገፋ ይነሣ። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይጠጋ ተከታተሉ። ስድስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት።

ዛፍ፣ ቭሪክሻሳና። አንድ እጅ ግድግዳ ላይ፤ የአንዱ እግር መርገጫ በሌላው ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ጣቶቹ መሬት እንደነኩ። የለመደ ሰው ወደ ባት ያንሣው። ጉልበት ላይ ግን ፈጽሞ አይደገፍም፤ መገጣጠሚያው ከጎን ለሚመጣ ግፊት አልተሠራም።

ድልድይ። በጀርባ ተኝቶ፣ ተረከዝ ከጉልበት ሥር ሆኖ፣ ዳሌን ቀስ ብሎ ማንሣትና ማውረድ። ዳሌው ከፍ ብሎ ሳለ ማንም አንገቱን ወደ ጎን አያዙር። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ተማሪውን በስሙ ጠርታችሁ አታናግሩት፤ ዞር ብሎ ያያችኋል።

ቀላል መጠምዘዝ። ሁለቱ የታጠፉ ጉልበቶች ወደ አንድ ጎን ይውረዱ፣ በመካከላቸው ጋቢ ይግባ፤ አምስት ትንፋሽ፣ ከዚያ በሌላው ጎን።

ዕረፍት፣ ሻቫሳና። ባት ወንበሩ ላይ፣ ጀርባ መሬት ላይ፣ ሰውነት በጋቢ ተሸፍኖ ቢያንስ አምስት ደቂቃ። ሰውነት ሲያርፍ ይቀዘቅዛል፤ የበረደው ሰው ደግሞ አያርፍም። ሰዓት ሲያጥር ብዙ አስተማሪ የሚቆርጠው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከቆመው ክፍል ቁረጡ እላለሁ። ሲነሡ በጎን ዞረው፣ በእጅ ተደግፈው፣ ጭንቅላት መጨረሻ ላይ።

አምስተኛ፦ ለየሰዉ ለውጡት

አረጋውያን። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በላይ አትያዙ። ወንበሮቹን ጀርባቸው ግድግዳ እንዲነካ ደርድሩ። እግራቸው መሬት የማይደርስ ሰዎች መርገጫ ሥር የታጠፈ ምንጣፍ ይግባላቸው። ድመትና ላሙን ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይሠሩታል። ግድግዳ መደገፉና ቀጥ ብሎ መቆሙ እንዳለ ይቀጥላል። ዛፉ ይቀርና አንድ እግር ከሌላው ፊት አድርጎ የወንበሩን ጀርባ ይዞ መቆም ይተካዋል።

ለእነርሱ ዋናው ልምምድ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ምንም ዓይነት ውበት የለውም፤ ፎቶ የሚያነሣውም የለም። ነገር ግን መጸዳጃ ቤት ራስን ችሎ መጠቀም፣ ከታክሲ መውረድ፣ ከወደቁ በኋላ መነሣት ሁሉ በዚህ ጡንቻ ላይ የተመሠረተ ነው። መጀመሪያ በእጃቸው ጭናቸውን እየገፉ፣ ሳምንታት ሲያልፉ ያለ እጅ፣ ከዚያ ሲወርዱ እስከ አራት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይቀመጡ። የአጥንት መሳሳት ያለባቸው አከርካሪን ወደ ፊት ከማጎበጥና አጥብቆ ከመጠምዘዝ ይቆጠቡ፤ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ከዳሌ ይታጠፉ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ድንገት ሲነሡ ሊያዞራቸው ስለሚችል በእያንዳንዱ መነሣት መካከል ሁለት ትንፋሽ ይቁሙ። ግላኮማ ያለባቸው ጭንቅላታቸውን ቁልቁል አያድርጉ፤ በእንዲህ ያለ አቋቋም የዓይን ውስጥ ግፊት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደሚጨምር ተለክቷል።

የወገብ ሕመምተኞች። አንዱን ሰው ወደ ፊት ማጎንበስ ያመዋል፣ ሌላውን ወደ ኋላ መለጠጥ። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም በትንሹ አስሞክሩና የሚያመውን ለጊዜው ተዉት። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር እንዲሰጡት ጠይቁ፤ ከሦስት በላይ ከሆነ ይቀነስ። ወደ እግር የሚወርድ መንዘር ወይም መደንዘዝ ከጀመረ እንቅስቃሴው ይቁም። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሚሠራ ረጅም ልምምድ ይልቅ በየቀኑ ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ የሚሠራው ይሻላቸዋል።

ነፍሰ ጡሮች። የሐኪም ወይም የአዋላጅ ፈቃድ ይቅደም። እርግዝናው ወደ አምስተኛው ወር ሲጠጋ በጀርባ ረጅም ጊዜ መተኛት ማኅፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዲጫነው ስለሚያደርግ ዕረፍቱ በግራ ጎን፣ በጉልበቶች መካከል ትራስ ገብቶ ይሁን። ድልድዩ ይቀራል፤ መጠምዘዙ ከደረት በላይ ብቻ ይሆናል። ሆርሞን መገጣጠሚያዎችን ስለሚያላላ ከእርግዝና በፊት ከምትደርስበት በላይ እንድትወጠር አትገፋፏት። ድመትና ላሙ ግን እስከ መጨረሻው ወር ይወደዳል። ደም ከታየ፣ ውኃ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ልምምዱ ቆሞ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

ልጆች። ከሃያ ደቂቃ አይብለጥ። «ዳሌህን አስተካክል» ብትሉት የሚገባው ልጅ የለም፤ «ገደል አፋፍ ላይ የቆመች ዋልያ ሁን» ብትሉት ግን በአንድ እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንበሳ ሆነው ምላሳቸውን አውጥተው ይተንፍሱ፣ ድመት ይሁኑ፣ እባብ ይሁኑ። ማን ረጅም ጊዜ ቆየ የሚል ውድድር አታስገቡ። ሻቫሳናውን ሆድ ላይ በተቀመጠ ትንሽ አሻንጉሊት ሥሩት፤ አሻንጉሊቱ ከፍ ዝቅ ሲል ለማየት ሲሉ ይረጋሉ።

ቢሮ ውስጥ የሚውሉና ሾፌሮች። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው የሚጠቅመው በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ ሦስት ደቂቃ መቆም ነው፦ እጅን መኪናው ላይ አድርጎ ግድግዳ መደገፉን መሥራት፣ አንድ እግር ወደ ኋላ አርቆ የዳሌን ፊት ማፍታታት፣ ትከሻን ማዞር። ለቢሮውም ያው ነው፣ በመኪናው ምትክ ጠረጴዛ።

ስለ አነጋገርና ስለ እጅ

ትእዛዙ አጭር ይሁን፤ ትንፋሹን፣ የሚንቀሳቀሰውን አካል፣ አቅጣጫውን በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ፦ «አየር እያስገባችሁ፣ ቀኝ እጅ፣ ወደ ላይ»። ወደ ተማሪዎቹ ዞራችሁ ስታስተምሩ «ቀኝ» እያላችሁ ግራችሁን አንሡ። ወንድና ሴት፣ ወጣትና አዛውንት በተቀላቀሉበት ክፍል ለሁሉም በብዙ ቁጥር ተናገሩ፤ አንድ ሽማግሌን ለብቻ ስታርሙ ደግሞ «አባባ፣ ጉልበትዎን በትንሹ አጠፍ ያድርጉ» በሉ እንጂ ወጣቱን በምትጠሩበት አትጥሯቸው።

ሰው አትንኩ፤ መንካት ካስፈለገ ፈቃድ ጠይቁ፣ በተለይ ጾታው ከተለየ። ከጀርባ ገፍቶ ሰውን ማጎንበስ ግን ፈቃድ ቢገኝም አይደረግም። ለእያንዳንዱ አቋቋም ሁለት አማራጭ ስታቀርቡ ቀላሉን መጀመሪያ አሳዩ። ከባዱን አስቀድማችሁ ካሳያችሁ ቀላሉን የሚመርጥ ሰው የተሸነፈ ይመስለዋል።

የእምነት ጥያቄ ሲነሣ

ይነሣል። ዮጋ በሕንድ ከሂንዱ፣ ከቡዲዝምና ከጃይን እምነቶች ጋር አብሮ ያደገ መሆኑን አትካዱ፤ ደብቆ ማስተማር እምነት ያሳጣል። በክፍላችሁ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በግልጽ ንገሩ። ትንፋሽ፣ እንቅስቃሴና ዕረፍት ለጤና በቂ ናቸው፤ «ኦም» የሚለውን የጸሎት ድምፅ ማሰማትና «ናማስቴ» በሚለው የሕንድ ሰላምታ መዝጋት ሳያስፈልግ «አመሰግናለሁ፣ በሰላም ግቡ» ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም የሚል ሰው ካለ አትከራከሩት፤ የወገብ እንቅስቃሴዎችን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ማግኘት ይችላል። በነገራችን ላይ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዮጋን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ስብሰባ ነው።

ከክፍሉ በኋላ

በብዙ አገር ለጀማሪ አስተማሪ የሚጠየቀው የ200 ሰዓት ሥልጠና ነው። ያ ሥልጠና ጤነኛ አዋቂዎችን ለማስተማር መነሻ ይሆናል፤ ነፍሰ ጡሮችን፣ የልብ ሕመምተኞችንና ከቀዶ ሕክምና የተነሡትን ለማስተማር ግን ተጨማሪ ትምህርትና የሐኪም ትብብር ይጠይቃል።

ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ መድቡ፤ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደቀየራችሁለት፣ ምን እንዳመመው ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ከዚያ ቀን በኋላ እንዴት ነበሩ?» ይሁን። የጡንቻ መዛል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከለቀቀው ልክ ነው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም እስከ ማግሥቱ ከቆየ ድግግሞሹን በግማሽ ቀንሱ። በሁለተኛውም ጊዜ ከተመለሰ ያንን እንቅስቃሴ አውጡና ሰውየውን ወደ ሐኪም ላኩት።